ያልተለሰነው ክንድ

አባቴ ሙጬ ግንበኛ ነበር፤
ከወገራ ተነሥቶ ደሴ ሲያድር
በጆንያው የያዘው መዶሻ፣ ቱምቢና ክር።
ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ እጁ ያልነካው ካብ የለም፤
ቀን እጁን ይሹታል፣
ሲመሽ ዓይኑን ይሸሹታል፤
እሱ ግን ያወቀ አይመስልም።

ማለዳ፣ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣
ከተማው በብርድ ጉልበቱን ሰብስቦ፣
አባቴ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ይቆማል፤
ከወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ከመስጊዱ ሚናራ ባሻገር
የሚያየው አለ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
"ስንት ክንድ ነው?" እለዋለሁ፣ ውሃ ቀድቼ ስመለስ።
"ስድሳ በሃያ። ቁመቱ ሠላሳ።
ሲሠራ መዶሻ አልተሰማበትም ይላል መጽሐፉ፤
እሷን ብቻ እንጃ!" ብሎ ይስቃል፤
"ግንበኛ ተሰብስቦ ጫጫታ ሊጠፋ?"

የአብ ጾም ክረምት ላይ ይውላል።
ዝናቡ ጣሪያችንን ሲደበድብ፣ እሱ እህል ሳይቀምስ፣
"አንዴ ተቃጥሏል" ይለኛል፣ "ናቡከደነፆር ሲደርስ፤
ምርኮኞቹ ተመልሰው ሠሩት እንጂ።"
ስለ ሁለተኛው ቃጠሎ ማን ይንገረን?
መልእክተኛው ወይ ወንዝ ሞልቶበት፣ ወይ አገር ርቆበት ቀረ፤
እኛ ዘንድ ቤቱ እንደቆመ ነበረ።
መቅረዙ ሳይጠፋ፣ ካህኑ ሳይተኛ፣
ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው
እኛ ዘንድ ማንም አላፈረሰው።

ወንድሜ አስረስ በሱዳን በኩል ወጣ።
በሦስተኛው ዓመት ቴሌ ተጠራሁ፤
"አራት ቁጥር!" ሲሉ ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ።
"የለም" አለኝ።
"ምኑ?"
"ቤቱ። አንድ ግንብ ቀርቷል፣ እሱም የውጭው አጥር፤
ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው፤
ሰዉ ግንባሩን አስደግፎ ያለቅሳል፣
በስንጥቁ ወረቀት ይወትፋል።
ለአባባ እንዳትነግሪው።"

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁ እንጃ።
ነገርኩት። ፊቴን አይቶ ግማሹን ጨርሶት ነበር።
ካዙላውን አጠበ። የታጠበውን ደግሞ አጠበ።
"በምንም ሳይያያዝ ቆሟል ነው ያለሽ?"
"አዎ።"
"ቱምቢው ልክ ነበር ማለት ነው" አለ፤
ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን አልተናገረ።

ያን ሰሞን የራሳችንን ቤት ይለስን ነበር፣
ኖራ ከኮምቦልቻ በዱቤ አስመጥቶ።
ከበሩ ትይዩ ሲደርስ ቆመ፤ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ
አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ለክቶ
ድንጋዩን እንዳፈጠጠ ተወው።
እናቴ ያልጋነሽ ጮኸች፦ "ኖራ አነሰህ?"
"ተርፏል።"
"ታዲያ ቤቴን ለምን ታቆስለዋለህ?"
"ያኛው ሳይጠገን" አለ፣ "የኔ አለቀ አልልም።"

እሱን ከቀበርን በኋላ የአስረስ ደብዳቤ መጣ፦
"ያን የጻፍሽልኝን ክንድ እዚህም አየሁት።
ጎረቤቴ፣ ከየመን የመጣ ሽማግሌ፣
በሩ ትይዩ ሳይለስን ትቶታል፤
ከአባቶቻችን የወረስነው ነው ይላል።
ለአባባ ማን ነገረው?"

ማንም።

ቤቱን ለወይዘሮ ሉባባ ሸጥን።
አረንጓዴ ቀለም በባልዲ ገዝታ ነበር፤
ክንዷን አሳየኋት፣ ነገሩን ነገርኳት፤
"እህ" አለች፤ ሻሿን አጠበቀች፤ ሌላ አላለች።
ባለፈው ክረምት በዚያ ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሎ
አየሁ፦ ሁሉም አረንጓዴ ሆኗል፤
ከበሩ ትይዩ ግን ካላንደር ተሰቅሏል፣
ነፋስ ጫፉን ገለጥ፣ ክድን ያደርገዋል።

ከሥሩ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።